አንድ ያልተማረ አርሶ አደር

ያምሮት ፖስታውን የከፈተችው እዚያው ፍኖተ ሰላም፣ በኢሳ የእህል መጋዘን በር ላይ እንደቆመች ነበር። ኢሳ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል በቆሎ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ የስንቱ ሰው ናፍቆት በእሱ አይሱዙ ጋቢና ተጭኖ ይሄዳል። ለእሷና ለወንዳወቅ ብቻ በሰባት ወር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ አመላልሷል፤ አንድም ቀን ግን «ምን ተጻጻፋችሁ?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም።

«የዛሬው ሳሳ ብሏል» አላት፣ ዓይኑን ከዓይኗ እያሸሸ። «ሲሰጠኝም እንደ ወትሮው አልሳቀም።»

ውስጡ ደብዳቤ አልነበረም። ከአንድ የሥልጠና መጽሐፍ የተቀደደች ገጽ ናት። ያምሮት ገና ስታያት አወቀቻት፤ የራሷ ጽሑፍ ናት፣ ባለፈው ክረምት ስለ ከብት መኖ ለአርሶ አደሮች ሥልጠና እንዲሆን ያዘጋጀችው። መሐል ላይ አንድ መስመር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል፦ «ናሙናው የተወሰደው አንድ ያልተማረ አርሶ አደር በአጋጣሚ ካሳየን በሬ ነው።»

ከሥሩ፣ በዚያ በምታውቀው ቀጥ ያለ የእጅ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሪት ያምሮት፣ በአጋጣሚ አልነበረም። ከእንግዲህ እንዳይጽፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ወንዳወቅ።»

የወጋት «እንዳይጽፉልኝ» የምትለዋ ቃል ናት። ሰባት ወር ሙሉ «አንቺ» ሲላት የኖረ እጅ በአንድ ጀምበር «እርስዎ» አላት። አክብሮት እንዲህ እንደሚያቃጥል ያምሮት እስከዚያች ቀን አታውቅም ነበር።

* * *

የተገናኙት ከሁለት ዓመት በፊት፣ በግንቦት ነው። ያምሮት የከብት መኖ ተመራማሪ ናት። በዚያ ሰሞን፣ ሣሩ አልቆ የከብቱ ሁሉ አጥንት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ በደረቅ የበቆሎ አገዳ ብቻ ሥጋውን ሳይጥል የሚከርም ከብት ፍለጋ የቡሬን ገጠር ከቀበሌ ቀበሌ ትዞር ነበር። ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» ሲላት አንድ ወጣት ገበሬ ብቻ ከአጥሩ ማዶ ቀና ብሎ «አለ» አላት።

ያ ገበሬ ወንዳወቅ ነው። በሬው ደግሞ ዳልቻ ይባላል፤ እንደ ስሙ አመድማ፣ ጎኑ የሞላ፣ ክምር አገዳ ፊት ቆሞ እንደ ለምለም ሣር የሚያጣጥም። ወንዳወቅ የበሬውን አፍ ከፍቶ ያዘላት፤ እሷ ቱቦውን እስከ ጨጓራው ልካ ፈርሱን ወደ ፔርሙስ ቀዳች።

«ይቅርታ አድርጊልኝና» አለ ወንዳወቅ፣ «ፈርስ እንደ ሻይ በፔርሙስ የሚያዘው ለምንድን ነው?»

«እንዳይበርድ። አየርም እንዳይነካው። ውስጡ በዓይን የማይታይ ሻጋታ አለ። አየር ከነካው ይሞታል።»

«ሻጋታ? ሻጋታ ደግሞ ለማን በጅቶ ያውቃል?»

«ይኼኛው ይበጃል። በሬ ብቻውን አገዳ መፍጨት አይችልም። የዚህ ሻጋታ ዘር ጨጓራው ውስጥ እየዋኘ ይሄድና አገዳው ላይ ይተከላል። ከዚያ ሥር ይሰዳል፤ ግንዱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሌሎቹ ረቂቅ ነፍሳት የሚገቡት እሱ በከፈተላቸው በር ነው።»

«እኛ ደግሞ በሬውን ስናመሰግን ኖረናል» አለና ወንዳወቅ ጋቢውን አውልቆ፣ ክዳኑን እስክትገጥም ድረስ ነፋሱን ጋረደላት። ጋርደኝ አላለችውም ነበር። እሱ ግን የሰማውን ወዲያው ሥራ ላይ የሚያውል ሰው ነው። በዚያች በጋቢው ጥላ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ያምሮት ክዳኑን ሁለት ጊዜ አጥብቃ እንደገጠመች የገባት ቆይቶ ነው።

«እናቴ ይህን ነገር ታውቀዋለች» አላት በዚያው ቀን። «ስሙን ባታውቀውም።»

እናቱ እመት ባንቺአየሁ ማመስኳት ያቆመ ከብት ሲገጥማቸው፣ ጤነኛው በሬ እያመሰኳ ሳለ እጃቸውን አፉ ውስጥ ሰደው ያላመጠውን ጉርሻ ይነጥቁና ለታመመው ያጎርሱታል። ከእናታቸው የወረሱት ነው። ዳልቻንም ጥጃ ሳለ እንዲሁ ነው ያሳደጉት፤ ከመንጋው ሁሉ አገዳ የሚስማማት አንዲት አሮጊት ላም ነበረቻቸው፣ ከእሷ አፍ እየነጠቁ አጉርሰውታል። ያምሮት ይህን ሁሉ በማስታወሻዋ ጻፈች። ቤተ ሙከራ ገብታ የዳልቻን ናሙና ስታበቅለው፣ በአራት ቀን ውስጥ ሻጋታው ደረቁን አገዳ እንደ ወንፊት በሳሳው። ከሌሎቹ ናሙናዎች አንዱም እንዲህ አላደረገም።

ናሙና ለመድገም ተመለሰች። ከዚያ ውጤቱን ለመንገር ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለግ ተወች።

መንገዱ እየተዘጋ፣ ስልኩም ጭራሽ ሲጠፋ ደብዳቤ ጀመሩ። እሱ እንዲህ ብሎ ይጽፍላታል፦ «ዛሬ ጥጃይቱ የእናቷን አፍ ስትልስ አየሁ። ሰው ፍቅር ይለዋል። ምናልባት ግን ያ ያንቺ ሻጋታ ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገረው በዚሁ ይሆን? ሁለቱም ሊሆን አይችልም ብዬም አልከራከርም።» ያምሮት ይህቺን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አንብባታለች፤ አንዴ እንደ ተመራማሪ፣ ሁለቴ እንደ ሴት።

በሌላው ደብዳቤ ለማንም ያልነገረውን ነገራት። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ ነበር። በዚያ ዓመት አባቱ ሞቱ። «ደብተሬን አስቀምጬ ሞፈር አነሳሁ» ይላል። «እማ እንዳይከፋት ትምህርት ጠላሁ አልኋት። እስከ ዛሬም እውነት ይመስላታል።»

ይህን እያወቀች ነው ያምሮት «ያልተማረ» ብላ የጻፈችው።

* * *

አባቷ መምህር ላቀው አርባ ዓመት ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። ገጿን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ የተማሪ ወረቀት እንደሚያርሙ ሁሉ በዝግታ አነበቧት።

«ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?»

«ያልተማረ የሚለው ላይ፣ አባዬ።»

«ዲግሪ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው የጻፍሽው ልክ ነው።»

«ልክ አይደለም!» ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ወጣ። «እወደዋለሁ፣ አባዬ።»

መምህር ላቀው ገጿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀላት ነበር።

«ያምሮት» አሉ፣ «እኔ አንቺን እዚህ ያደረስሁሽ ሞፈርና ቀንበር የተሰቀለበት ቤት እንድትገቢ አይደለም።»

«አውቃለሁ። እኔም ያንን እያሰብሁ ነው የጻፍሁት።»

ይህን ስትናገር ነገሩ ለራሷም ያኔ ተገለጠላት። የመጀመሪያው ጽሑፏ ላይ የወንዳወቅም የእናቱም ስም ነበረበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ተቀምጣ ሰረዘችው። «ይህ ወንዳወቅ ማነው?» ብለው ቢጠይቋት ፊቷ ይናገርባታል ብላ ፈራች። አንዲት የገጠር እናት ቀድማ የደረሰችበት ነገር ነው ቢባል ደግሞ የእሷ ድካም የሚያንስ መሰላት። «በአጋጣሚ» የምትለዋ ቃል ሁሉን አቃለለችላት። በአጋጣሚ ካሉት በኋላ አመስግኚ የሚል የለም።

«እና ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ አባቷ።

«ነገ ከኢሳ ጋር ቡሬ እሄዳለሁ።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ልጄ። ይቅር ባይልሽስ?»

«ባይለኝም እነግረዋለሁ።»

መምህር ላቀው መነጽራቸውን አወለቁ። አትሂጂ አላሏትም፤ ሂጂም አላሏትም። ያምሮት ከክፍሉ ስትወጣ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለማስደሰት ስትሮጥለት የኖረችውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳሳዘነችው አወቀች፤ የገረማት ግን እግሯ አለመንቀጥቀጡ ነው።

* * *

ኅዳር ነበር፤ በቆሎው ተሸልቅቆ በየደጁ የተከመረበት ወር። ከቡሬ ባጃጅ ይዛ፣ መንገዱ ሲያልቅ በእግሯ ቀጠለች። መንደሩ ስትደርስ የወንዳወቅ ግቢ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ የተሰበሰበው በጎረቤቱ በአያ ደረሰ ደጅ ነበር።

መሐል ላይ አንድ ቀይ በሬ ተኝቷል። ከአራት ቀን በፊት ገመዱን በጥሶ የበቆሎ ክምር ውስጥ ገብቶ፣ እስኪጠግብ ሳይሆን እስኪወድቅ በላ። ነፍሱ ተርፋለች። ከዚያ ወዲህ ግን አያመሰኳም፤ ገለባ ቢቀርብለት አፍንጫውን ያዞራል። ለደረሰ ያ በሬ የጥማዱ ግማሽ ነው። ሰውየው በሬው ራስ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ እንደ ታመመ ልጅ ግንባሩን ያሻሽለታል።

እመት ባንቺአየሁ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዳልቻ አፍ አጠገብ ቆመዋል። ዳልቻ ግን በሰው ብዛት ደንግጦ ማመስኳቱን አቁሟል፤ የሚነጠቅ ጉርሻ የለም። ወንዳወቅ በሬውን በቀንዱ ይዞ ያባብላል። ቀና ሲል ያምሮትን አያት።

ፊቱ ለአንድ አፍታ በራ። ከዚያ በር እንደሚዘጋ ተዘጋ።

«እንደምን ዋሉ» አለ።

«ቱቦ ይዣለሁ» አለች ያምሮት። የተዘጋጀችበት ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት ይህ ብቻ ወጣት። «ፔርሙስም አለኝ፤ ከቦርሳዬ አይለዩም።»

ወንዳወቅ ወደ ተኛው በሬ አየ፤ ወደ ደረሰም አየ። «እንግዲያው ይምጡ» አለ።

እሱ የዳልቻን አፍ ከፍቶ ያዘ፤ እሷ ቱቦውን ሰደደች። ሦስት ሊትር ያህል፣ ትኩሱ አረንጓዴ ፈርስ ወረደ። እጆቻቸው አንድ ገመድ ላይ ሲገናኙ እሱ ቀድሞ ያነሳል። እመት ባንቺአየሁ የቀዩን በሬ ራስ ቀና አደረጉ፤ በጠርሙስ እየቀዱ፣ ትን እንዳይለው እየጠበቁ፣ ቀስ ብለው ጋቱት። ሲጨርሱ ሦስቱም እስከ ክንዳቸው ፈርስ ለብሰዋል።

«እሰይ!» አለ ደረሰ። «እንዲያው የተማረ ሰው ይሻላል። ፈጣሪ በሰዓቱ የተማረ ሰው ላከልን።»

ያምሮት የወንዳወቅ መንጋጋ ሲጠብቅ አየች። ዝም ማለት ትችል ነበር። ምስጋናውን ተቀብላ፣ ለብቻው ወስዳ ይቅርታ መጠየቅ ትችል ነበር። ነገር ግን የሰደበችው በሰው ፊት ነው።

«አያ ደረሰ፣ ይህን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው» አለች። ገጿን ከቦርሳዋ አወጣች። «ሥልጠናው ላይ ይህ ሲነበብ ሰምታችኋል። አንድ ያልተማረ አርሶ አደር በአጋጣሚ ያሳየን በሬ፣ ይላል።»

አንዳንዱ ወደ መሬት አየ። ካለፈው ሥልጠና ወዲህ በመንደሩ ወንዳወቅን «ያልተማረው» ብሎ መጥራት ቀልድ ሆኖ ነበር፤ የጀመረውም ደረሰ ራሱ ነው።

«የጻፍሁት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። በአጋጣሚ አላሳየኝም፤ አውቆ ነው ያሳየኝ። እመት ባንቺአየሁ እኔ ሳልወለድ ይህን ያውቁ ነበር። መጀመሪያ ስማቸውን ጽፌ ነበር። ከዚያ ሰረዝሁት።» «ማነው ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ። የምወደው ሰው መሆኑ እንዳይታወቅብኝ። አፍሬበት።»

«አፍሬበት» የምትለዋ ቃል ደጁ ላይ ወደቀች፤ የሚያነሳት ሰው አልነበረም።

«ይበቃዎታል» አለ ወንዳወቅ በዝግታ።

«አይበቃም።»

«ይበቃል አልሁ! አሥራ አንደኛ ክፍልን ጠልቼ እንዳልተውሁ የነገርሁት ላንቺ ብቻ ነው!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ሌላ ሰው ቢጽፈው ስቄ አልፈው ነበር። ያልተማረ ቢለኝ ምን ቸገረኝ? አያውቀኝማ! አንቺ ግን ታውቂ ነበር። የሆዴን ሁሉ አንድ በአንድ ጽፌልሽ፣ አንቺ ታውቂ ነበር!»

ያምሮት እንባዋ በፈርስ በተለወሰ እጇ ላይ ይወርዳል። ቁጣው ያቃጥላል፤ ቁጣው ውስጥ ያለችው «አንቺ» ግን ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ይልቅ ቀርባ ገባቻት። ባዳ እንዲህ አይቆጣም።

እመት ባንቺአየሁ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ትምህርት ጠላሁ ያላቸው ውሸት መሆኑን ገና አሁን መስማታቸው ነው። ዓይናቸው ቢሞላም ድምፃቸው አልተናወጠም። ከዚያ ወደ ያምሮት ተመለሱ።

«ልጄስ ተምሯል» አሉ፤ «ያስጣለው ጊዜ ነው። እዚህ መሐል ያልተማረች አንቺ ብቻ ነሽ፣ ልጄ።»

ከዚያ ከአጥሩ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ይበል!» አሉ። ሰው ቀስ በቀስ ገባው። ያልተማረ ዕውቀት የጎደለው ነው፤ ያልተማረ ምሕረት ያላገኘም ነው። ያምሮት ሰሙንም ወርቁንም ሰማች። አንገቷን ደፋች።

«እውነትዎ ነው፣ እመት። አልተማርሁም።»

ወንዳወቅ ፊቱን ወደ ዳልቻ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ከቁጣ ይሁን ከሌላ ግን ከኋላው ሆና መለየት አልቻለችም።

* * *

እዚያው እመት ባንቺአየሁ ቤት አደረች። ጠዋት ደረሰ ከደጅ ሲጣራ ሁሉም ወጡ። ቀዩ በሬ ቆሟል። ፊቱ ያለው ገለባ ተነክቷል። ዓይኑን ግማሽ ከድኖ፣ መንጋጋው ወዲህና ወዲያ፣ ቀስ ብሎ ያመሰኳል። ደረሰ ወደ ወንዳወቅ ሄዶ ትከሻውን ይዞ ሳመው፤ ደገመው። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መንደር «ያልተማረው» የሚል ሰው አልተሰማም።

ሰው ሲበተን ሁለቱ በሬው አጠገብ ቀሩ።

«መጽሐፉን አርሜ አሳትመዋለሁ» አለች ያምሮት። «ስምህን...»

«የኔን ተዪው። ዕውቀቱ የእማ ነው። የእሷን ጻፊ።»

«የቱን ስሜን?» አሉ እመት ባንቺአየሁ፤ ለካ ከበሩ አልራቁም። «ባንቺአየሁ በዪ፣ ሰው የሚያውቀኝ በሱ ነው። ወለተ ሐናን ለቄሱ ተዪለት።» እየሳቁ ወደ ቤት ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት።

ወንዳወቅ እግሩ ሥር ያለውን አገዳ አንስቶ በጣቶቹ ይሰነጥቅ ጀመር።

«ያምሮት፣ አልዋሽሽም» አለ። «ቂሙ ገና አልወጣልኝም። ትናንት ያልሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዲያ ማለት እንደሚከብድም አውቃለሁ። ግን ዛሬም ያቺ መስመር ትዝ ስትለኝ ደሜ ይፈላል።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም። መኸሩ እስኪያልቅ ይሆናል፤ እስከ ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

ያምሮት ራሷን ነቀነቀች። ይህን ለመስማት ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ቦርሳዋን ለማንሳት ጎንበስ ስትል እጁ ቀድሞ ማንገቻውን ያዘ።

«አልጨረስሁም» አለ። ዓይኗን አየ፤ ከትናንት ጀምሮ ቀጥ ብሎ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። «ቂሜን ይዤም ቢሆን የምፈልገው አንቺን ነው። መኸሩ ሲያልቅ ላባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ። አባትሽ ቢመልሷቸው ደግሜ እልካለሁ። ያኔም ተቆጥቼሽ ልገኝ እችላለሁ። እወቂው።»

ያምሮት የመጣችው ይቅርታ ልትለምን ነበር። የተሰጣት ነገር ከይቅርታ የከበደ ነው፤ የት እንደምትይዘው አላወቀችም። ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ የመጣው ግን ለቅሶ ሆነ፣ ከልጅነቷ ወዲህ አልቅሳ የማታውቀው ዓይነት፣ ድምፅ ያለው።

አታልቅሺ አላላትም። ቦርሳዋን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስ አጠገቧ ቆመ።